ተማሪዬ ያነሳችው አባ ጨጓሬ ከወላጅ አጣላኝ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ደቡብ ወሎ ውስጥ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የኬጂ 2 መምህርት ነኝ። ዕድሜዬ 26 ነው። ክፍሌ ውስጥ 38 ልጆች አሉ፤ አብዛኞቹ አምስት ዓመት የሞላቸው ናቸው። አንዲት ሞግዚት ታግዘኛለች።

ጥቅምት ላይ ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ግቢ ውስጥ ጉንዳን ተከትለው ሲሄዱ፣ በጥንዚዛ ሲጣሉ እያየሁ ለምን በዚሁ አላስተምራቸውም አልኩና «የነፍሳት ሳምንት» ጀመርኩ። ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆነ። የሚያለቅሱት ማልቀስ ተዉ። መስከረም ከገባ ጀምሮ ክፍል ውስጥ አንዲት ቃል ያልተናገረ ልጅ አለኝ። ጉንዳኖቹ ጋ ቆመን እያለ እጄን ጎተተኝና «ሚስ፣ ይቺ እኮ ከራሷ የሚበልጥ ነው የተሸከመችው» አለኝ። እንባዬ መጣ።

በአራተኛው ቀን ግን አንዷ ተማሪዬ ከአጥሩ ሥር ፀጉራም አባ ጨጓሬ አንስታ ይዛልኝ መጣች። እኔ ከሌሎቹ ጋር ነበርኩ። ሳላያት እጇንና አንገቷን አሻሸችው። ወዲያው ቀላ፣ አበጠ፣ ልጅቷ ጮኸች። አጠብናት፤ እናቷን ደወልን፤ ክሊኒክ ወሰደቻት። ተመስገን፣ በማግስቱ ደህና ነበረች። እናትየው ግን ያበጠውን እጅ ፎቶ አንስታ የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። «የምንከፍለው ልጆቻችንን ፊደል እንዲያስተምሩልን ነው እንጂ ትል እንዲያስጨብጡልን አይደለም» ብላ ጻፈች። ሌሎቹም ተቀበሏት። ዳይሬክተሩ ጠርቶኝ «ከዛሬ ጀምሮ ትል የሚባል ነገር ክፍል ውስጥ እንዳላይ» አለኝ።

አሁን እናትየው በር ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። ባልደረቦቼ «የትል መምህርት» እያሉ ይስቃሉ። ጓደኞቼ «ደመወዝሽን ብይ፣ ዝም ብለሽ ኤቢሲዲሽን አስቆጥሪ» ይሉኛል። ያ ልጅም ተመልሶ ዝም ብሏል። ነገሩን እርግፍ አድርጌ ልተወው? ወይስ ትምህርት ቤት ልቀይር? የመንፈቀ ዓመት ፈተናም እየደረሰ ነው፤ ምን እንደማደርግ ግራ ገብቶኛል።

ግራ የገባት መምህርት፣ ከደቡብ ወሎ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ብዙ ቆሜ ያሰብኩት ስለዚያ ዝምተኛ ልጅ የጻፍሽው ላይ ነው። በሁለት መስመር ነው ያለፍሽው። ግን አስቢው እስቲ፣ ከመስከረም ጀምሮ አፉን ያልከፈተ የአምስት ዓመት ልጅ መምህርቱን እጇን ጎትቶ ያየውን ነገራት። ያ እንዲሆን ያደረግሽው አንቺ ነሽ። ባልደረቦችሽ ምንም ብለው ይሳቁ፣ ይህን ይዘሽ ነው የቀረውን የምትሰሚኝ።

ልተወው ወይ ላልሽው መልሴ አትተይው ነው። ነገ ጠዋት እንደገና ጀምሪ እያልኩሽ ግን አይደለም። መጀመሪያ የሚቀድም ሰው አለ፤ እናትየው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅቷ ከዳነች በኋላ ከእናትየው ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋግራችኋል? ደብዳቤሽ ውስጥ ቴሌግራሙ አለ፣ ዳይሬክተሩ አለ፣ በር ላይ ፊት ማዞሩ አለ፤ እናንተ ሁለታችሁ የተነጋገራችሁበትን ግን አላገኘሁም። ሌላም ልጠይቅሽ፦ ሳምንቱን ከመጀመርሽ በፊት ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ ለወላጆች ጽፈሽ ነበር? ካልጻፍሽ፣ ያቺ እናት ስለ ነፍሳት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ሥራ ቦታዋ ስልክ ተደውሎ ልጅሽ እጇ አብጧል ሲባል ነው ማለት ነው። በእሷ ቦታ ሆነሽ እይው። እየሮጠች መጣች፣ ልጇ ታለቅሳለች፣ ምን እንደሆነ ስትጠይቅ «ትል ይዛ ነው» ይሏታል። ግሩፕ ላይ የጻፈችው ይጎዳል፣ አውቃለሁ፤ ፎቶውን ከመልቀቋ በፊት አንቺን ብታናግርሽ በተገባ ነበር። ግን ያን ሁሉ ያስጻፋት ድንጋጤ ነው።

ይህን ስል ደግሞ የአካባቢያችሁን ነገር አስባለሁ። በ2013 መኸር ላይ የአንበጣ መንጋ ወሎ ላይ ወርዶ የደረሰ ማሽላና ጤፍ ሲበላ ያየ ሰው አሁንም አጠገባችሁ አለ። ቤተሰቡ ገጠር ያለ ወላጅ ነፍሳት ሲባል ቶሎ የሚታየው ያ ሊሆን ይችላል። ሌላው ደግሞ ወባ ያስታውሳል፣ ሌላው ቤቱን የበላበትን ምስጥ። ለአንቺ የሚያስደንቅ ፍጥረት ለእነሱ ጠላት ሆኖ የቆየ ነገር ነው። እናትየው ከእነዚህ አንዷ ትሁን አትሁን አላውቅም፤ አንቺም የምታውቂው ስትጠይቂያት ብቻ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ብታደርጊ እላለሁ። በመጪው ቅዳሜ ልጅቷን ልትጠይቂ ቤቷ ሂጂ። ቀድመሽ ደውይ፤ ድንገት አትሂጂባት። ከወላጆች ጋር የሚከባበሩ፣ ዕድሜያቸው ጠና ያሉ አንዲት መምህርት ካሉ አብረውሽ እንዲሄዱ ለምኚያቸው፤ በእኛ አገር ሽማግሌ አጠገብ ሲኖር ቁጣም ልክ ያገኛል። እንደ ማንኛውም ጠያቂ ብርቱካንም ሆነ ሙዝ ያዢ። ገብተሽ እንደተቀመጥሽ ስለ ትምህርት ዘዴ አትጀምሪ። «በእኔ ክፍል ውስጥ ሆና ነው የተጎዳችው፣ በጣም አዝኛለሁ» በይና ዝም በይ። ከዚያ በኋላ «ግን» የምትል ቃል አታምጪ፤ ያቺ ቃል የመጣች ቀን ይቅርታው ይፈርሳል። እናትየው ትናገር። ብትቆጣም ትቆጣ። ስትጨርስ ልጅቷ ቤት ገብታ ስለዚያ ሳምንት ምን ምን እንዳወራች ጠይቂያት። ይገርምሽ ይሆናል እንጂ ልጅቷ ስለ ጉንዳኖቹ አውርታ የማትጠግብ ሆና ልታገኚያት ትችያለሽ። ይህን ከእናቷ አፍ መስማት አንቺ ከምታቀርቢው ማስረጃ ሁሉ ይበልጣል።

ቴሌግራሙ ላይ ረጅም መልስ እንዳትጽፊ። እዚያ የሚጻፍ ነገር ሁሉ እንደ ክርክር ነው የሚነበበው። ከእናትየው ጋር ከተስማማችሁ በኋላ፣ እሷ ፈቅዳ፣ ምን እንደተፈጠረና ከእንግዲህ ምን እንደምትጠነቀቂ በሦስት በአራት መስመር ብትለቂ ይበቃል። እናትየው ራሷ ከሥሩ አንድ መልካም ቃል ከጻፈችልሽ ደግሞ ግሩፑ ይረጋጋል።

አሁን ወደ ጥንቃቄው እንምጣ፤ ይህን ያነሱት ወላጆች እውነት አላቸውና። የአባ ጨጓሬ ፀጉር ቆዳ ላይ ተሰክቶ ይቀራል፤ የሚያቃጥለውና የሚያሳክከው እሱ ነው። ሲታሽ ደግሞ ይባባሳል። ስለዚህ አይታሽም። ስኮች ቦታው ላይ ለጠፍ እያደረጉ መንቀል፣ ከዚያ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ማድረግ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹህ ውኃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ንብ ከነደፈች መንደፊያዋ ቆዳ ላይ ይቀራልና ጊዜ ሳይፈጅ በጥፍር ፈቅ አድርጎ ማውጣት። ከንፈር ወይም ፊት ካበጠ፣ ልጁ መተንፈስ ካቃተው፣ ሰውነቱ በሙሉ ሽፍ ካለ ግን ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር የለም፤ በሩጫ ሐኪም ቤት ነው። ይህን ለሞግዚቷም አስተምሪያት። ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ በኮሙኒኬሽን ቡክ ለእያንዳንዱ ወላጅ አንድ ጥያቄ ላኪ፦ «ልጅዎ ንብ ነድፎት ወይም የሆነ ነገር ነክቶት ክፉኛ አብጦ ያውቃል?» መልሱ አዎ የሆነባቸውን ልጆች ስም ለይተሽ ያዢ።

ለክፍሉ የሚሆን ሕግ አንድ ይብቃ፤ የአምስት ዓመት ልጅ አሥር ሕግ አይይዝም። «በዓይን እናያለን፣ በእጅ አንነካም።» በየቀኑ ከመውጣታችሁ በፊት እየዘፈኑት ይውጡ። ፀጉራም ትል፣ ንብ፣ ተርብ፣ ያ የሚናከሰው ገብረ ጉንዳን ከሩቅ ብቻ ነው። ግቢውን ጠዋት ቀድመሽ ዙሪ፣ የአጥሩን ሥር እይ። ደግሞ 38 ልጅ ባንድ ጊዜ ይዞ መውጣት ይከብዳል፤ የደረሰብሽም በዚህ ይመስለኛል። አሥር አሥር ሆነው ከአንቺ ጋር ይውጡ፤ የቀሩት ከሞግዚቷ ጋር ክፍል ውስጥ እየሳሉ ይቆዩ። ሲመለሱ እጅ መታጠብ በሳሙና።

አየሽ፣ ማሰሮና ጠርሙስ የማይጠይቅ ብዙ ነገር አለ። ጥቃቅኖቹን ጥቁር ጉንዳኖች ለምሳሌ ውሰጂ፣ በጋ ከክረምት አይጠፉም። ዛፍ ሥር አንድ ቦታ ትንሽ ስኳር፣ አንድ ቦታ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ አንድ ቦታ የሎሚ ቁራጭ አስቀምጪ። ልጆቹ ቀድመው ይገምቱ፦ ወዴት ይሄዳሉ? እጅ እያወጡ ይምረጡ፤ አንቺ ቦርዱ ላይ ጭረት ጭረት አድርጊ። ከዚያ ወጥተው ይዩ፣ ይቁጠሩ፣ ተመልሰው ያወዳድሩ። ጉንዳኖቹ መስመር ሠርተው መሄድ ሲጀምሩ መንገዳቸውን በእርጥብ ጨርቅ አንድ ስንዝር ያህል ጥረጊው። ግራ ሲገባቸው፣ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ያያሉ። የሚሄዱት እርስ በርሳቸው በሚተዉት ሽታ ተመርተው ነውና። «ለምን ጠፋባቸው?» ብለሽ ጠይቂና መልሱን ቶሎ አትንገሪ። አምስት ዓመት ልጅ አፍንጫውን ወደ መሬት አስጠግቶ ለማሽተት ሲሞክር ታያለሽ። እኔ ይህን ከየትኛውም መልመጃ ደብተር አስበልጠዋለሁ።

ወላጆቹ የሚሉት ፊደሉስ? እዚሁ ውስጥ አለ። ጉንዳን፣ ንብ፣ ቢራቢሮ፣ ዝንብ፣ ትንኝ፣ ፌንጣ፣ ምስጥ፣ አንበጣ፤ የእያንዳንዱን መጀመሪያ ፊደል አንድ ካርድ ላይ፣ ሥዕሉን ሌላ ካርድ ላይ አድርጊና ያገናኙ። እንግሊዝኛውም ቢሆን በዚያው ይሄዳል። ቁጥሩም እንደዚሁ ነው። ነፍሳት ስድስት እግር አላቸው፤ ራስ፣ ደረት፣ ሆድ ብሎ ሦስት የአካል ክፍል። ሦስት የባቄላ ፍሬ ከጭቃ ጋር አያይዘው፣ ስድስት ስንጥር ሰክተው ጉንዳን ይሥሩ። ሁለት ጉንዳን ስንት እግር አላቸው? ሦስትስ? ከዚያ የሸረሪት ሥዕል አምጪና ይቁጠሩ። ስምንት ሲሆንባቸው የሚፈጠረውን ጫጫታ መገመት ትችያለሽ፤ ሸረሪት ነፍሳት አለመሆኗን ራሳቸው ቆጥረው ደረሱበት ማለት ነው። ስንጥር እየሰካ የዋለ ጣት ደግሞ እርሳስ ለመያዝ ይጠነክራል፤ ይህን ለወላጅ ስትነግሪ አትርሺው።

ንብን ለማስተማር ንብ አያስፈልግም። አገራችን በአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ናት፤ ልጆቹ ማርን ያውቃሉ፣ የሠራችውን ግን አያውቋትም። አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ይዘሽ ግቢ። አንዲት ሠራተኛ ንብ ዕድሜዋን ሙሉ ለፍታ የምትሠራው ማር የዚያች ማንኪያ አንድ አሥራ ሁለተኛ ያህል እንደሆነ ይገመታል። አሥራ ሁለት ልጆች አስነሺና አቁሚያቸው፦ «ይህቺን ማንኪያ ለመሙላት እናንተ ሁላችሁ ዕድሜ ልካችሁን ሠራችሁ።» ከዚያ ጭፈራው ነው። አበባ ያገኘች ንብ ቀፎ ውስጥ ተመልሳ በጭፈራ ለእህቶቿ አቅጣጫውንና ርቀቱን ትነግራለች። ይህን የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ የሚባል ኦስትሪያዊ ሳይንቲስት ነው፤ በ1973 እንደ ፈረንጆቹ የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። አንቺ የወረቀት አበባ ክፍል ውስጥ ደብቂ፤ ያየው አንድ ልጅ ብቻ ይሁን፤ ቃል ሳይናገር ሰውነቱን እያወዛወዘ ለሌሎቹ ያሳያቸው። እስክስታ ለለመደ ልጅ ይህ ምንም አይከብደውም። ስለ ቅዱስ ላሊበላ ልደት የሚተረከውን የንብ መንጋ ታሪክ የሚያውቅ አያት ካለም ክፍል ይምጡና ይንገሯቸው። አያት የገባበትን ትምህርት ወላጅ አይቃወምም።

ቃል ሳይናገር አልኩ አይደል? ያን ልጅ አስቢው። መናገር የማይጠየቅበት ጨዋታ ለእሱ ትልቅ በር ነው። ስለ እሱ ሌላም ልበልሽ። አንድ ጊዜ ተናገረ ብለሽ ክፍል ፊት አታቁሚው፣ «እስቲ ያን ቀን ያልከኝን በል» አትበይው። ሥራ ስጪው። ለጉንዳኖቹ ስኳር የሚያስቀምጥ እሱ ይሁን። አጠገቡ ቁጭ ብለሽ አንቺም ጉንዳኑን እይ፣ እሱን አትይው። ሰው ዓይን ውስጥ ሳያየው ሲቀር የሚናገር ልጅ አለ። ቤት ውስጥስ ይናገራል? በየትኛው ቋንቋ? ወላጆቹን ጠይቂያቸው። ቤትም የማይናገር ከሆነ፣ ስም ሲጠራ የማይዞር ከሆነ ጆሮው እንዲታይ መምከር የአንቺ ድርሻ ነው። ቤት እያወራ ትምህርት ቤት ብቻ ዝም የሚል ከሆነ ደግሞ ትዕግሥት፤ አንድ በር አግኝተሽለታል።

ቢራቢሮም ቢሆን መቅረት የለበትም። ጎመን ካላቸው ቤቶች የተበሳ ቅጠል ለምኚ፤ ላዩ ላይ አረንጓዴ፣ ፀጉር የሌለው ትንሽ ትል አይጠፋም። የሃይላንድ ፕላስቲክ ቆርጠሽ አፉን በስስ ጨርቅ አስሪና ከነቅጠሉ አስገቢው። ልጅ የማይደርስበት፣ ግን የሚታይበት መስኮት ላይ አኑሪው። ቅጠሉን በየቀኑ ቀይሪ። ይበላል፣ ይወፍራል፣ አንድ ቀን መብላት ያቆምና ራሱን ሸፍኖ ዝም ይላል፤ በሳምንታት ውስጥ ነጭ ቢራቢሮ ወይም ትንሽ ግራጫ የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። አንዳንዱ ሳይወጣ ይሞታል። ይህም ሲሆን አትደብቂያቸው፣ በሌላም አትተኪባቸው፤ ሞተ በይና ቢያዝኑ አብረሽ እዘኚ። ይህን ግን በመጀመሪያው ወር አታድርጊው። ዳይሬክተሩ ትል አልይ ብሎሻል፤ ቃሉን አክብሪለት፤ መተማመን ሲመለስ ራስሽ አስፈቅደሽ ታመጪዋለሽ።

ስለ ዳይሬክተሩም ልናገር። እሱ እስካሁን የሰማው ቅሬታ ብቻ ነው። የግል ትምህርት ቤት ወላጅ ልጁን ካወጣበት ምን እንደሚሆን ያውቃል፣ አንቺም ታውቂያለሽ። ስለዚህ «ከለከልከኝ» ብለሽ አትግቢበት። አንድ ገጽ ወረቀት ይዘሽ ግቢ። እዚያ ላይ በሳምንት አንድ ቀን፣ 20 ደቂቃ፣ ለአንድ ወር፣ በየትኛው ሳምንት የትኛው ፊደልና የትኛው ቁጥር እንደሚሸፈን፣ የጥንቃቄው ሕግ፣ ለወላጅ የሚላከው ደብዳቤ ይኑር። ከእናትየው ጋር መነጋገርሽንም ንገሪው፤ ከሁሉ በላይ እሱን የሚያሳርፈው ይኸው ነው። ፈተናው እስኪያልፍ ቆይ ካለሽ እሺ በይ። ወር ብትጠብቂ ጉንዳኖቹ የትም አይሄዱም።

አንድ የማይቃወሙት ትምህርትም ልንገርሽ። ዝንብ። ትራኮማ በአማራ ክልል ብዙ ሰው ዓይን ያጠፋ በሽታ ነው፤ ከልጅ ዓይን ወደ ልጅ ዓይን ከሚያደርሱት አንዱ ደግሞ ያ ፊት ላይ የሚያርፈው ዝንብ ነው። ዝንቡ የሚመጣው ፊት ላይ ያለውን ፈሳሽ ፈልጎ ነው። አንድ አሻንጉሊት ፊቱን ማር ነገር ቀቢው፣ ሌላኛውን በሳሙና አጥቢው፤ ሁለቱንም ውጪ አስቀምጪና ዝንብ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ ከሩቅ ይቁጠሩ። ልጁ ማታ ቤቱ ገብቶ «እማዬ ፊቴን እጠቢኝ፣ ዝንብ ይመጣል» ሲል የትኛዋ እናት ናት የምትቆጣው? ትንኝም እንዲሁ ነው። ጎማ ውስጥ፣ የተጣለ ጣሳ ውስጥ የቆመ ውኃ ላይ የሚወራጩት ጥቃቅን ነገሮች የትንኝ እጮች ናቸው። ከልጆቹ ጋር ግቢውን ዞራችሁ የቆመ ውኃ ፈልጉና ድፉት። በዚህ ላይ ዳይሬክተሩ ራሱ አብሮ ቢዞር አይገርመኝም። የበልግ ዝናብ ሲጥል ደግሞ አሸን ይወጣል፤ በማግስቱ ግቢው በረገፈ ክንፍ ይሞላል። ክንፍ አይነክስም፣ አያሳክክም። ይልቀሙ፣ አራት አራት እያደረጉ ይቁጠሩ፣ ወረቀት ላይ ይለጥፉ።

ባልደረቦችሽ ስላወጡልሽ ስም ብዙ አልልም። ያማል። ምናልባት ከመካከላቸው አንዷ በልቧ እንዳንቺ ማስተማር የምትፈልግ ትኖር ይሆናል፤ የምትስቀው ከሌሎቹ ጋር ላለመለየት ይሆናል። እሷን ፈልጊያት። አሥር ልጅ ይዘሽ ስትወጪ አብራሽ እንድትወጣ ጋብዢያት።

ትምህርት ቤት መቀየሩን በተመለከተ አሁን አትወስኚ እላለሁ። በኀፍረት ውስጥ ሆነሽ የምትወጪበት በር ወደ ሌላ ትምህርት ቤትም ይከተልሻል፤ እዚያም ነፍሳት ለማምጣት ትፈሪያለሽ። ከእናትየው ጋር ተነጋግረሽ፣ ወረቀቱን ለዳይሬክተሩ ሰጥተሽ፣ ወሩ ካለቀ በኋላ አሁንም ልጆቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከመገልበጥ ሌላ ምንም አይፈቀድልሽም ከተባለ ያኔ ሌላ ነገር ነው። ያኔ ሌላ ቦታ መፈለግሽ ሽሽት አይሆንም። እስከዚያ ድረስ የሠራሽውን በደብተር ጻፊ፦ የትኛው ልጅ ምን አለ፣ ስንት ቆጠረ፣ የትኛውን ፊደል ለየ። አንድ ቀን ሌላ ዳይሬክተር ፊት ብትቀመጪም ይጠቅምሻል።

የዚህ ሳምንት ሥራሽ ግን ትንሽ ነው። ሐሙስ ወይም ዓርብ ለእናትየው ደውይ። ቴክስት አትላኪ፣ በድምፅሽ አናግሪያት። «ልጅቷን ልጠይቃት ብመጣ ይመችሽ ይሆን?» በያት። አይ ካለች አትገፊ፤ «እሺ፣ ሲመችሽ» ብለሽ ሰላም በያትና በሚቀጥለው ሳምንት ከትምህርት ቤቱ በር ውጪ፣ ሰው በሌለበት፣ እንደገና ሞክሪ። እሺ ካለች ቅዳሜ ከሰዓት ሂጂ።